እጀታው ሲቀየር

የመጥረቢያ ዛቢያ ሲሰበር ገበሬ አይፈላሰፍም። ወይራ ይቆርጣል፣ ይጠርባል፣ ይሰካበታል፤ አለቀ። “ይኼ መጥረቢያ ያው የድሮው ነው?” ብትሉት “ታዲያ የማን ሊሆን ነው?” ብሎ ይስቅባችኋል። ፈላስፎች ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቁም። አቴናውያን የቴሴዎስን መርከብ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ፣ አዲስ እየተኩ አቆዩት። መርከቡ ያው ነው ወይስ ሌላ? ፈላስፎቹ በዚህ ነገር ሁለት ቦታ መከፈላቸውን ፕሉታርክ ጽፎልናል።

ይኼው ክርክር አሮጌ የጢም ምላጭ በሚያድሱ ሰዎች እጅም ይገኛል። ምላጭ ስል ያንን ከእጀታው ተዘርግቶ የሚወጣውን፣ በጠፍር ላይ እያመላለሱ የሚያሰሉትን ማለቴ ነው። በእንግሊዝ ሼፊልድና በጀርመን ዞሊንገን ተሠርተው ከመቶ ዓመት በላይ የቆዩ፣ ዛሬም ጢም የሚላጭባቸው አሉ። ብረቱ ዕድሜ አለው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሸነፈው እጀታው ነው፤ ሁለቱ ስስ ገጾች ይሰነጠቃሉ፣ ይጣመማሉ። አዳሹ ችንካሮቹን አውጥቶ ከቀንድ ወይም ከጠንካራ እንጨት አዲስ ገጾች ይቀርፃል፤ ከዚያም አዲስ ችንካር አስገብቶ ጫፉን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያለ ይቀጠቅጣል። ምላጩ ሲታጠፍ ግራ ቀኙን ሳይነካ መሐል ለመሐል መግባት አለበት።

ምላጩን ከአባቱ የወረሰ ሰው “እጀታውን እንዳትነኩብኝ፣ የአባቴ እጅ ያረፈበት ነው” ቢልስ? ይህ የሚናቅ ስሜት አይደለም። ነገር ግን ሁለት ነገር ልንነግረው ይገባል።

አንደኛ፣ ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ብዙ እጀታ ከሴሉሎይድ ተሠርቷል። ሴሉሎይድ አርጅቶ መበላሸት ሲጀምር አሲድነት ያለው ጋዝ ያወጣል፤ ታጥፎ በጉያው የተኛውንም ብረት ያዝገዋል። ዘበኛው ራሱ ሌባ ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ስሙ እጀታ ይሁን እንጂ፣ ሲላጩ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ጣቶች በዋናነት የሚይዙት የብረቱን አንገት ነው። የእጀታው ትልቁ ሥራ አፎትነት ነው። የአባትየው እጅ ይበልጥ ያረፈው ልጁ ለዝገት ሊተወው በተቃረበው ብረት ላይ ነበር!

አለመንካት ታማኝነት ይመስለናል። ከምንወደው ነገር የትኛው ክፍል የትኛውን ለመጠበቅ እንደተሠራ ካልጠየቅን ግን፣ አፎቱን ስናከብር ስለቱን እንገድላለን።

ይሁንና ለአዳሹም እንዳሻው እንዲሆን ፈቃድ አልሰጥም። ብረቱን አሳምራለሁ ብሎ የሠሪውን ማኅተም ፍቆ ቢያጠፋ፣ አዲሱን ቀንድ አሮጌ አስመስሎ “ከነእጀታው የጥንት ነው” እያለ ቢሸጥ፣ ነገሩ ከፍልስፍና ወጥቶ ማጭበርበር ይሆናል። ምላጩ ያው ሊሆን ይችላል፤ ሻጩ ግን ዋሽቷል። ስለዚህ “ያው ነው ወይ?” ከሚለው በፊት “ምኑ ተቀየረ? ለምን? ለሚረከበውስ ተነግሮታል ወይ?” ብንል ይሻላል።

ልጁም አሮጌውን እጀታ አይጣለው፤ ከምላጩ አርቆ በሌላ ሣጥን ያኑረው። በተራው ሲያወርስ ደግሞ “ብረቱ የአያትህ ነው፣ እጀታውን ያሠራሁት እኔ ነኝ” ይበል።