«የጽሕፈት መኪና አይደለም»

 

ያልዋሸ ሰው ሊያሳስተን ይችላል? አንድ የድሮ ኮምፒውተር ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ ዩኒክስ በሚባለው ሥርዓት በሚሠሩ ኮምፒውተሮች ላይ አንድ ሰው ለወዳጁ ኢሜይል ይልካል። ደብዳቤው ይመለስበታል። ምክንያቱ? «የጽሕፈት መኪና አይደለም» የሚል። ሱብሓነላህ! ኢሜይልን ከጽሕፈት መኪና ጋር ምን አገናኘው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ሳይሳካለት ሲቀር የምክንያቱን ቁጥር የሚያስቀምጥባት ቦታ አለችው። ቀጣዩ ሥራ ቢሳካም ያቺ ቦታ አትጸዳም፤ የቀድሞው ቁጥር እንዳለ ይቆያል። ኢሜይል ላኪው ፕሮግራም ፋይል ላይ ሊጽፍ ሲል፣ ውስጥ ለውስጥ «ይህ የጽሕፈት መኪና ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። (ዩኒክስ ሲጀመር ሰው ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገረው ወረቀት ላይ በሚጽፍ መኪና ነበር፤ ጥያቄው የዚያ ዘመን ቅሪት ነው።) መልሱ «አይደለም» ሲሆን ቁጥር 25 ይመዘገባል። ይህ ጥፋት አይደለም። ኋላ ግን የተቀባዩ ኮምፒውተር ስም ሳይገኝ ሲቀር፣ ፕሮግራሙ እዚያች ቦታ ላይ ያገኘውን 25 አንብቦ ለላኪው ነገረው።

ቃሉ እውነት ነው፤ ፋይሉ በእርግጥም የጽሕፈት መኪና አይደለም። የሌላ ጉዳይ እውነት ነው እንጂ። ነገሩ የገባው ባለሙያ መኪና ፍለጋ አይሄድም፤ አድራሻውን ፊደል በፊደል ያያል፣ ያ ኮምፒውተር መኖሩን ያጣራል።

እኛስ? በሱረቱል ሑጁራት ወሬን እንድናጣራ ስንታዘዝ፣ ብዙዎቻችን የምንፈራው ውሸትን ብቻ ነው። ለእኔ ግን የሚከብደው እውነተኛው ወሬ ነው። «ስምህ ሲነሳ ወንድምህ ፊቱን አጠቆረ» ይሉሃል። አዎ፣ አጥቁሯል። ግን በአንተ ነው፣ ወይስ ጠዋት ከሥራ ይዞት በመጣው ጭንቀት? ዑለማዎች ነሚማን ወንጀል ያሉት የተወራው እውነት ቢሆንም እንኳ ነው፤ ስለዚህ ወሬ አድራሹ «ያየሁትን ነው የተናገርኩት» ብሎ ነጻ አይወጣም።

በዚህች ቃል ስንት ወንድማማቾች ለዓመታት ተኮራረፉ! አንዱ የሌላውን ደጅ የረገጠው ለጀናዛ ብቻ የሆነበት ቤት አለ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ከሶላት ስትመለሱ ደውሉለትና «ያን ቀን በእኔ ቅር ብሎህ ነበር?» በሉት። ምናልባት የትኛው ቀን እንደሆነ እንኳ አያስታውሰውም።