ሕግ የፈቀደውና ሕሊና የሚጠይቀው



በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ጫት በሕግ አልተከለከለም፤ መንግሥትም ግብር ይሰበስብበታል፤ ታዲያ መቃም ኃጢአት የሚሆነው በምን ምክንያት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ለክርክር ያህል ብቻ የተፈጠረ አይደለም። በቂርቆስና በካዛንቺስ ሰፈሮች ያደገ ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ ሲመለስ የጫት መሸጫውን፣ መጠጥ ቤቱንና ሲጋራ የሚቸረችረውን ሱቅ በአንድ መንገድ ላይ እያየ አድጓልና፣ በቂ መልስ ሊሰጠው ይገባል። «ክልክል ነው» ብሎ ማሰናበት አይበቃም፤ በሕግ ክልክል አለመሆኑን ልጁ ከእኛ ይልቅ ያውቃልና። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሕግ አደንዛዥና አነቃቂ ነገሮችን እንዴት እንደሚመድብ፣ ይህም ምደባ ለሕሊና እስከ ምን ድረስ መሪ ሊሆን እንደሚችል እንመለከታለን።

በመጀመሪያ አንድ የመቃሚያ ቤት በሐሳባችን እንሣል። በመካከል የተዘረጋው ጫት የተፈቀደ ሸቀጥ ነው፤ ለአገሪቱም የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል። አጠገቡ ያለው ሺሻ ግን በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የተከለከለ ነው። ሲጋራው ይሸጣል፤ ይሁን እንጂ በዚሁ አዋጅ መሠረት ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ አይጨስም። ከምርቃናው በኋላ ለ«ጨብሲ» የሚጠጣው ቢራ 21 ዓመት ላልሞላው አይሸጥም፤ ማስታወቂያውም በሬዲዮና በቴሌቪዥን አይነገርም። ከተቀመጡት አንዱ ካናቢስ ከኪሱ ቢያወጣ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ይጠይቀዋል። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው የሚውጠው ዲያዜፓም ደግሞ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። እንግዲህ በአንድ ምሽት ስድስት ነገሮች በስድስት ልዩ ልዩ ደንቦች ሥር ተሰለፉ። የሚቀበላቸው ሰውነት ግን አንድ ነው።

ሕግ እንዲህ የሚለያየው ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም መንግሥታት በተፈራረሟቸው ስምምነቶች፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ ናርኮቲክ ዕፆች፣ በ1971 ደግሞ ስለ ሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች በተደረጉት፣ እያንዳንዱ ዕፅ በሠንጠረዥ ይመደባል። የሚታየውም ሱስ የማስያዝ ኃይሉ፣ በሕዝብ ጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳትና ለሕክምና የሚሰጠው ጥቅም ነው። ሞርፊንና ሄሮይን ከአንድ የተክል ምንጭ የሚገኙ ሲሆኑ፣ ሞርፊን የከባድ ሕመምተኛን ሥቃይ ስለሚያስታግስ በሐኪም እጅ እንዲገኝ ተፈቅዷል፤ ሄሮይን ግን እጅግ ጥብቅ ከሆነው ሠንጠረዥ ገብቷል። ነገር ግን ከጤናው ሚዛን ጋር ልማድ፣ ንግድና የመንግሥት ገቢም አብረው ይቀመጣሉ። ጫት ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን በ1971ዱ ስምምነት በአንደኛው ሠንጠረዥ፣ ቅጠሉ ሲደርቅ የሚተካው ደካማው ካቲን በሦስተኛው ሠንጠረዥ ሲገኙ፣ ቅጠሉ ራሱ በየትኛውም ሠንጠረዥ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴም ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ2006 መርምሮ ቅጠሉን በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ማዋል አያስፈልግም ብሏል።

ደግሞም ሕግ ይለዋወጣል። ከኢትዮጵያና ከኬንያ በአውሮፕላን ይጫን የነበረው ጫት በብሪታንያ እስከ እ.ኤ.አ. 2014 አጋማሽ ድረስ በግልጽ ይሸጥ ነበር፤ ከሰኔ 24 ቀን 2014 ጀምሮ ግን ከተከለከሉት ዕፆች በሦስተኛው ክፍል ገባ። በዚያው አገር ካናቢስ እ.ኤ.አ. በ2004 ከሁለተኛው ክፍል ወደ ቀላሉ ወደ ሦስተኛው ወርዶ፣ በ2009 እንደገና ወደ ሁለተኛው ተመለሰ። በእነዚህ ዓመታት የተለወጠው ሕጉ እንጂ ዕፁ በሰው አእምሮ ላይ የሚሠራው ሥራ አልነበረም። ስለዚህ «ተፈቅዷል» ማለት «አይጎዳም» ማለት ሊሆን አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ዘገባ በ2019 በአልኮል ምክንያት 2.6 ሚሊዮን፣ በሌሎች አደንዛዥ ነገሮች ምክንያት ደግሞ 0.6 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ሞቱ ገልጿል። የተፈቀደውን የሚጠጣው ሕዝብ እጅግ የበዛ ስለሆነ ቁጥሩ አልኮል ከሄሮይን ይከፋል የሚያሰኝ አይደለም፤ ነገር ግን ሞት ፈቃድ ወረቀት እንደማይጠይቅ ያሳያል።

ታዲያ ጎጂ መሆኑ ከታወቀ ሕግ ስለ ምን ሁሉንም አይከለክልም? ቅዱስ ቶማስ ዘአኩዊኖ በሱማ ቴዎሎጂካ ይህን ጥያቄ አንሥቶ መርምሯል። እንደ እርሱ አስተሳሰብ የሰው ሕግ የሚወጣው ለብዙኃን ነው፤ ከብዙኃኑም መካከል አብዛኞቹ በምግባር ፍጹማን አይደሉም። ስለዚህ ሕግ የሚከለክለው ብዙው ሰው ሊርቀው የሚችለውን ከባድ ጥፋት፣ ይልቁንም ሌላውን የሚጎዳውንና ካልተከለከለ የሰው ልጅ ማኅበራዊ ኑሮ ሊጸና የማይችልበትን ነው። ደካማው ሊሸከመው የማይችለው ሸክም ቢጫንበት ወደ ባሰ ክፋት ይወድቃልና። እንግዲህ የሕግ ዝምታ ትዕግሥት እንጂ ምርቃት አይደለም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ክርስቲያኖች ሲጽፍ የተፈቀደውን ከሚጠቅመው ለይቶ አስተምሯል።

ከዚህ የምንማረው በእጃችን ያለው ሚዛን አንድ ሳይሆን ሦስት መሆኑን ነው፤ እነርሱም የሕግ ሚዛን፣ የጉዳት ሚዛንና የበደል ሚዛን ናቸው። ሦስቱ አንዳንድ ጊዜ ይስማማሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ይለያያሉ። የብዙ ክርክራችን ምክንያትም አንዱን በሌላው መተካታችን ነው።

የጉዳትን ሚዛን የሚያስተምረን ሕክምና ነው። ጫት የልብን ምት ያፋጥናል፤ የደምን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ረኃብንና እንቅልፍን ያርቃል፤ ብርታቱ ሲያልፍ ድብርት ይከተላል፤ አብዝቶ በሚቅመውም ላይ አእምሮን እስከ ማወክ ሊደርስ ይችላል። ካናቢስ ትኩረትንና የማስታወስ ችሎታን ያዳክማል፤ ገና በጉርምስና የጀመረው ወጣት ለአእምሮ ሕመም ይበልጥ ይጋለጣል። አልኮል ጉበትን ይጎዳል፤ በማኅፀን ያለውን ሕፃን ይነካል፤ ለብዙ ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ቢያቋርጠው ለሕይወቱ የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊደርስበት ስለሚችል ያለ ሐኪም እርዳታ እንዲያቆም ሊገፋፋ አይገባም።

የበደልን ሚዛን ግን የሚይዘው ሕሊና ነው። ሕሊናም «ይህ ነገር አእምሮዬን ምን ያደርገዋል? ነገ እምቢ የማለት ነጻነቴን ይወስድብኛልን? የማንን እንጀራና የማንን ጊዜ እየበላሁ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2290 ከመጠን ያለፈ መጠጥንና ትምባሆን ያወግዛል፤ በቁጥር 2291ም ለሕክምና ካልሆነ በቀር አደንዛዥ ዕፅ መውሰድ ከባድ በደል መሆኑን ያስተምራል። ለወጣቱ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ከዚህ ይነሣል። እያንዳንዱ ቅጠል እኩል በደል ነው አንልም። ነገር ግን ምርቃናን ፈልጎ፣ ከሰዓቱ ሁሉ እንደሚጠፋ፣ ሌሊቱ በጨብሲ እንደሚዘጋ፣ የቤቱም ወጪ እንደሚጎድል እያወቀ የሚቀመጥ ሰው፣ ሕግ ባይከሰውም ልጆቹና የገዛ አእምሮው ይከሱታል። ከኋላ የሚመጣው ጥፋትም «አላወቅሁም ነበር» በማለት አይቀልለትም። የወንጀል ሕጋችን እንኳ በአንቀጽ 50 በገዛ ፈቃዱ ወይም በቸልተኝነቱ ራሱን በመጠጥ ወይም በዕፅ አሳቶ ወንጀል የሠራውን ከኃላፊነት ነጻ አያደርገውም። ጥፋቱ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ብርጭቆ መሆኑን ሕግም ሕሊናም ተስማምተው ይመሰክራሉ።

ይሁን እንጂ በተቃራኒው ያለ ስሕተትም አለ፤ ይኸውም የተከለከለውን የተጠቀመ ሁሉ የተጣለ ሰው ነው ብሎ ማሰብ ነው። በመስቀል አደባባይ ዙሪያና በየድልድዩ ሥር በፕላስቲክ ጠርሙስ ማስቲሽ የሚስቡ ሕፃናትን አይተናል። ማስቲሽ የጫማ ሠሪ ሙጫ ነው፤ የዕለት ሥራ ዕቃ ስለሆነ ማንም በግልጽ ይገዛዋል። ጉዳቱ ግን አእምሮን ያበላሻል፤ ልብንም በድንገት ሊያቆም ይችላል። የሕፃኑ በደልስ? ረኃብንና ብርድን ለመርሳት የሚስበው ልጅ በደሉ ከሁሉ ያነሰ ነው። እነሆ የሕግ ሚዛን ዝም ሲል፣ የጉዳት ሚዛን እጅግ ሲከብድ፣ የበደል ሚዛን ደግሞ ከልጁ ይልቅ ወደ እኛ ወደ አላፊ አግዳሚዎቹ ያዘነብላል። ሱስ የጸናበት ጎልማሳም ቢሆን ነጻነቱ ተቀንሷልና ከተግሣጽ በፊት ሕክምና ያስፈልገዋል። እንደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወዳሉ ስፍራዎች ይዞት የሚሄድ ወዳጅ ማግኘቱ ከብዙ ስብከት ይሻለዋል።

የሚሸጠውስ? በዚህ ላይ ፍርዳችን ቸኩሎ መሆን የለበትም። ለሐረርጌ ገበሬ ጫት የልጆቹ ቀለብ ነው፤ በከተማም ጫት ቸርችራ የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ የምትሸፍን እናት አለች። ኑሮዋን በሌላ ሥራ እንድትመራ ሳንረዳት «ተዪው» ብንላት ቃላችን ባዶ ይሆናል። ለተማሪ አለመሸጥ ግን ዛሬውኑ በእጇ ያለ ነገር ነው፤ ይህን በጽኑ ልንለምናት ይገባል።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምራለን። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሩት ቤቶች ስሙን ያገኘው ካዛንቺስ፣ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙው ክፍሉ ፈርሷል፤ በርካታ ቤተሰቦችም ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛውረዋል። በአሮጌው ሰፈር መጠጥ ቤት የበዛውን ያህል፣ የልጁን ስም የሚያውቅና «አንተ፣ የእገሌ ልጅ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብሎ የሚቆጣ ጎረቤትም ነበረ። ይህ ቁጣ በየትኛውም አዋጅ አልተጻፈም፤ ነገር ግን ብዙ ልጆችን ጠብቋል። አሁን በአዲሱ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ጎረቤት ጎረቤቱን ገና አላወቀም። ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ወደ ሌላ ሰፈር የሄዱትን ቤተሰቦች ስም ዝርዝር ይዘው እንዲጠይቋቸው፣ ወላጆችም ልጆቻቸው ስለ ጫትና ስለ መጠጥ ሲጠይቋቸው ከ«ሕግ ይከለክላል» አልፈው ምክንያቱን እንዲያስረዱ አደራ እንላለን። ሕግ የሚደርሰው ጥፋት ከተፈጸመ በኋላ ነው፤ እኛ ግን ልጁ ገና ሲጠይቅ በአጠገቡ ልንገኝ እንችላለን።