የሚያዘግም ሁሉ ሰነፍ ነው?

ዘገምተኛ ስናይ የሚቀድመን ፍርድ ነው፤ «ሰነፍ ነው»፣ «አርጅቷል»፣ «አይገባውም»። ከዚያ መግፋት እንጀምራለን። ለመሆኑ ምን እንደያዘው ሳናውቅ ሰውን መግፋት ይገባናል ወይ?

ጥያቄውን ያመጣብኝ መሸንቲ ያየሁት የመጫወቻ ባቡር ነው። ከባሕር ዳር በአዲስ አበባ መንገድ ወጣ ብላ ወደምትገኘው ወደዚች ከተማ የባቡር ሐዲድ አልመጣም። በዚያ አገር እናቶች «ባቡር ደርሼ መጣሁ» ካሉ እህል አስፈጭተው ነው። (ወፍጮውንም ሎኮሞቲቩንም በአንድ ስም ያስጠራቸው እንፋሎት ነው።) አንድ ዘመዳችን ከጀርመን ያመጣው አሮጌ ፍላይሽማን ታዲያ ሐዲዱ ላይ ሲንፏቀቅ፣ የከበበው ሁሉ «ኧረ ኃይል ጨምርለት!» አለ።

የሰፈሩ ሬዲዮ ጠጋኝ ግን ጭራሽ አጠፋው። «ጋሼ፣ የተያዘ ሞተር ላይ ጅረት ከጨመሩበት ጥቅሉ ይቃጠላል» አለኝ። መጀመሪያ የጠረገው ሐዲዱን ነው፤ ጥፋቱ ከነጭራሹ የሎኮሞቲቩ ላይሆን ይችላላ! ቀጥሎ ሞተሩን ከጥርሶቹ ለይቶ ለብቻው አዞረው። ከዘንጉ ላይ የተጠመጠመ ፀጉር፣ ካርቦን ያጠቆረው መዳብ፣ ከሁሉም በላይ እንደ ሙጫ የደረቀ የዱሮ ዘይት አገኘ። ዘይቱን ያፈሰሰበት ሰው እኮ ለደግ ብሎ ነበር።

ሁሉም ጸድቶ ሲያበቃ ሎኮሞቲቩ ባዶውን ሮጠ፤ አራት ፉርጎ ሲቀጠልበት ግን እየለገመ ጋለ። ማግኔቱ በዕድሜ ደክሟል። ይኼ እውነተኛ ድካም ነው፤ መጥረግ አያድነውም። ጠጋኙ ሁለቱን ፉርጎ ፈታለት።

«ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህን ሁሉ ማን ይመረምራል?» የሚሉኝ መምህራን አሉ። እውነታቸውን ነው። ግን ጊዜ ማጣት የመምህሩ ችግር ሆኖ ሳለ ለምን በተማሪው ስም ይመዘገባል?

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አንድ ልጅ ነበረ፤ ሲጠየቅ ዝም ይላል፣ ጓደኞቹ ይስቃሉ። ጥያቄውን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ መልሱን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲያመላልስ እኮ ነው ጊዜው የሚሄደው። አንድ ቀን «በአማርኛ ንገረን» አልኩት። ደወሉ እስኪደወል አላቆመም።