«እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር»፦ ምሳሌው በቤተሰብ መኪና ሲፈተን

«እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የሚለው ተረትና ምሳሌ «ኑር» የሚለውን ትእዛዝ ውጦ «አትኑር» የሚለውን ክልከላ ብቻ ስለሚያሰማ፣ ክብደቱ የሌላውን ኑሮ ከመመኘት መታቀብ ላይ ያረፈ ይመስላል፤ ፍቺው ግን «ቤት» ከሚለው ቃል ይጀምራል። በአማርኛ ቤት ማለት ግድግዳና ጣራ ብቻ ሳይሆን በውስጡ የሚኖሩት ሰዎች፣ ገቢያቸው፣ ዕዳቸውና የሚቀበሉት እንግዳ ጭምር ነው። «ጎረቤት» ደግሞ የአጠገብ ነዋሪን ከሚያመለክተው «ጎር» ከተሰኘ የግዕዝ ቃልና ከዚያው ከ«ቤት» የተዋቀረ በመሆኑ፣ ምሳሌው የሚያራርቃቸው ሁለቱ ቃላት አንድ ሥር ይጋራሉ።

ምሳሌው በአዲስ አበባ የቤተሰብ መኪና ምርጫ ላይ ሲፈተን በመጀመሪያ እውነትነቱ ይጎላል። አያት፣ ወላጆችና አራት ልጆች በአንድ ጣራ ሥር በሚኖሩበት ቤት፣ ጎረቤት ስለገዛ ብቻ አምስት ሰው የምትይዝ ቪትዝ መግዛት፣ እሑድ ጠዋት ማን ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድና ማን እንደሚቀር በየሳምንቱ መወሰን ይሆናል። ከዚህም በላይ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝና አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ ያልተገጠመለት የቤንዚን መኪና፣ ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ ያህሉን ያጣል፤ ሰው ሞልታ ወደ እንጦጦ የምትወጣ ትንሽ መኪና የምታቃስተውም ስለዚህ ነው። ለበዓል ወደ ጎጃም የሚጓዝ ቤተሰብ ደግሞ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣውን የዓባይ በረሃ መንገድ በሒሳቡ ማስገባት ይኖርበታል፤ ጎረቤቱ ከከተማ የማይወጣ ከሆነ ግን ይህ ሒሳብ በእሱ ምርጫ ውስጥ የለም።

ሆኖም ምሳሌው እስከ መጨረሻው አይዘልቅም። ኩራዝና ምጣድ ባለቤታቸውን ብቻ ያገለግላሉ፤ መኪና ግን ሌሎች በብዛት ሲይዙት የሚበረታ ንብረት ነው። ቪትዝና ኮሮላ በየመንገዱ የሚታዩት ባለቤቶቻቸው ሁሉ እርስ በርስ ስለተኮራረጁ ሳይሆን፣ መለዋወጫቸው መርካቶ ሶማሌ ተራ ስለሚገኝ፣ የሰፈር መካኒክ ሕመማቸውን ስለሚያውቅና በችግር ቀን ገዢ ስለማይጠፋላቸው ነው። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 የተደነገገው ኤክሳይዝ ታክስ፣ ማለትም በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣለው ቀረጥ፣ ይዘቱ ከ1,300 ሲሲ ላልበለጠ አዲስ መኪና 5 በመቶ ሲሆን ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ደርሷል፤ ሲሲ የሞተርን ይዘት የሚለካ አሐድ ነው። ከዚህ ወዲህ እጅ ላይ ያለ መኪና ከመጓጓዣነቱ አልፎ የቤተሰብ ጥሪት መሆኑ ስለጠነከረ፣ ብዙዎች የሚፈልጉትን መምረጥ ልጆችን የማስተማርና ታማሚን የማሳከም ዋስትና ሊሆን ይችላል፤ ይህን ምርጫ ጭፍን ኩረጃ ብሎ መንቀፍ ግፍ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው አባባልም እዚህ ላይ የሚደርስ ይመስላል፤ የሩቁ ዘመድ፣ ባለሙያና መለዋወጫ የሌለው ያማረ መኪና ነውና።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ በኋላ ሚዛኑ እንደገና ተዛብቷል። የኤሌክትሪክ መኪና አየር ስለማያቃጥል ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ የዓባይን ቁልቁለት ሲወርድም ፍሬኑ ከሚያመነጨው ኃይል ባትሪው ጥቂት ይመልሳል። ነገር ግን አንዳንዱ ሞዴል በብዛት ስለሌለ፣ ስለ ባትሪው ዕድሜ የሚጠየቅ ነባር ባለቤት በሰፈር ላይገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ገዢው የጎረቤቱን ልምድ አጥቶ ወደ ቤቱ ብቻ ይመለከታል። እዚህ ላይ ምሳሌው ከምሳሌነት ወጥቶ ቃል በቃል ይሠራል፤ ግቢና የራሱ ቆጣሪ ያለው ቤተሰብ ማታ ማታ መኪናውን ቻርጅ ሲያደርግ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግን ዋጋውንና ቀለሙን ከመጠየቁ በፊት ገመዱ ከየትኛው ቆጣሪ ተነሥቶ በማን ፈቃድ እስከ መኪና ማቆሚያው እንደሚወርድ ማጣራት ግድ ይለዋል።