ስለ ተጨበጠ እጅ

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፥ ከእንግሊዞች ቋንቋ አንድ አጭር ቃል ወስደን እንመርምር። ቃሉ «ክላች» ይባላል፤ ትርጓሜውም አጥብቆ መጨበጥ ነው። በጥንቱ የእንግሊዝ ቋንቋ ሥሩ «ክሊቻን» ነበረ፤ ይኸውም ጣትን አጥፎ መጨበጥ ማለት ነው። ኋላም የያዘውን ለማይለቅ ለነጣቂ ጥፍር ተነገረ።

የእኛም ቋንቋ ይህን ነገር ያውቃል። በልቡ በደልን የሚያኖረውን ሰው ቂም ያዘ፥ ቂም ቋጠረ እንለዋለን፤ ንፉጉንም ቋጣሪ እንለዋለን።

ጌታችን በምሳሌ የነገረንን ያን ባሪያ አስብ (ማቴ. 18)። የ10,000 መክሊት ዕዳ ተተወለት፤ እርሱ ግን ወጥቶ 100 ዲናር የተበደረውን ባልንጀራውን ጉሮሮውን ጨበጠ። እጁ በሰው አንገት ላይ ስለ ተዘጋ፥ የተሰጠውን ምሕረት የሚይዝበት መዳፍ አልቀረውም።

ነገር ግን መጨበጥ ሁሉ ኃጢአት አይደለም። በመኪና ውስጥ ሞተሩን ከማርሹ ጋራ የሚያያይዘውና የሚያላቅቀው መሣሪያ በእንግሊዝኛ ክላች ይባላል፤ ሾፌሮቻችን ከጣሊያንኛ ወስደው ፍሪሲዮን ይሉታል። ሲይዝ የሞተሩ ኃይል ወደ ጎማው ይደርሳል፤ ሾፌሩ በእግሩ ሲረግጠው ይለቃል፥ ያን ጊዜም ማርሽ ይለወጣል። ከቶ ባይይዝ መኪናው አይሄድም፤ ከቶ ባይለቅም ሰውዬው ማርሹን ለመለወጥ ይቸገራል። እንዲሁም ክርስቲያን እምነቱን አጥብቆ ይይዛል፥ የወንድሙን በደል ግን ይለቃል።

ዶሮ ባንድ ጊዜ የምትታቀፋቸው እንቁላሎችም በዚሁ ድምፅ ይጠራሉ። የዚህ ግን ሥሩ ሌላ ነው፤ መፈልፈል ከሚል ከሰሜን ሰዎች ቃል የመጣ ነውና። እነሆ፥ በአንድ ድምፅ ጭልፊትና እናት ዶሮ ተገናኙ። እርሱ ሊበላ ይይዛል፤ እርሷ ሕይወት ልትሰጥ ታቅፋለች።

አንተስ ወዳጄ፥ በእጅህ ያለው ምንድር ነው? የድሃ መያዣ ነውን? ወይስ ስንት ዓመት የቆየ የወንድምህ በደል? አያያዝህስ እንደ ጭልፊቱ ነውን፥ ወይስ እንደ ዶሮይቱ? ዛሬ ሳትተኛ መርምር። ሕፃን እጁን ጨብጦ ይወለዳል፤ ሰው ሲሞት ግን አንዳች ይዞ አይሄድም። እንግዲህ ሞት መዳፍህን ሳይከፍተው፥ አንተ በፈቃድህ ክፈተው። የተከፈተ እጅ ይሰጣል፤ ደግሞም ይቀበላል።