ከሩቁ ምክንያት በፊት የቅርቡ ጥላ

በየዓመቱ መስከረም 12 ወይም 13 ቀን ፀሐይ ከምድር ወገብ ትክክል በላይ ትውላለች፤ በዓለም ዙሪያም ቀንና ሌሊት እኩል ለመሆን ይቃረባሉ። ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ሰሞን ነውና ልጆችን ስለ ወቅቶች ለማስተማር ይመቻል። ግን ከምን እንጀምር?

የተለመደው መልሱን መንገር ነው፦ የመሬት ዛቢያ 23.5 ዲግሪ ገደማ ስላዘነበለ ወቅቶች ይፈራረቃሉ። እውነት ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ግን ነቃ ያለ ከሆነ መጠየቁ አይቀርም፦ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፀሐይ በእኩለ ቀን አናታችን ላይ ከሆነች፣ ለምን ይበርደናል? «በክረምት ስለምትርቅ ነዋ» የሚል አዋቂ ሞልቷል። ይህ አያስኬድም። መሬት ለፀሐይ ይበልጥ የምትቀርበው ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ነው፤ ያኔ ስቶክሆልም በብርድ ትቆረፍዳለች።

የእኛ ክረምት ብርዱ ከደመናውና ከዝናቡ ነው። የዝናቡ መቀነት ደግሞ ፀሐይን እየተከተለ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። እንግዲህ ማዘንበሉ የሩቅ ምክንያት፣ ደመናው የቅርብ ምክንያት ነው። የሩቁን ብቻ የተማረ ልጅ የስቶክሆልምን ወቅት ያስረዳል፤ የሰፈሩን ሰማይ ግን አያውቀውም።

«ልጅ ይህን ሁሉ ከየት ይችላል? ሸምድዶ ቢይዘውስ ምን ይጎዳዋል?» የሚል ይኖራል። ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፦ «ራቀች» ያለውም «አዘነበለች» ያለውም አዋቂ ከሆነ፣ ልጁ ሁለቱን በምን ይለያቸዋል? ትክክለኛውን ቢይዝ እንኳ የያዘው በዕድል ነው።

ጥላ ግን ይለያቸዋል። አንድ ሜትር እንጨት ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ከ6 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ጥላው ከሁሉም ያጠረበትን መለካት ነው። አዲስ አበባ ላይ መስከረም 13 ጥላው ወደ ሰሜን 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ታኅሣሥ 12 ወደዚያው ወደ ሰሜን ረዝሞ 64 ያህል ይደርሳል። ሰኔ 14 (ደመናው ከፈቀደ) ዞሮ ወደ ደቡብ 26 ያህል ይወድቃል። ፀሐይ መራቅና መቅረብ ብቻ ቢሆን ሥራዋ ጥላው አቅጣጫ ባልቀየረ ነበር። ይህን ልጁ ማንም ሳይነግረው ሊደርስበት ይችላል።

መምህራን ሆይ፣ ዘንድሮ ዲግሪውን ሰሌዳ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት እንጨቱን ግቢው ውስጥ ትከሉ።