የሽርሽር ወሬና እውነት

ሰው ከሽርሽር ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ አንደኛው በዓይኑ ያየው ነው፥ ሁለተኛው ጎረቤትና ጓደኛ ሲጠይቀው ሊያወራው የሚመኘው ነው። እነዚህ ሁለቱ እኩል ቢሆኑ ችግር ባልኖረ ነበር። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ያየነው ያንስና ልናወራው የምንመኘው ይበልጣል። በዚህ ጊዜ ብዕር ይዘን ስንቀመጥ አንድ ጥያቄ ይገጥመናል፤ ይኸውም፥ ወሬው እንዲጣፍጥ ብለን ካላየነው ጥቂት ብንጨምርበት የምንበድለው ማንን ነው? የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ እንዳስብበት ያደረገኝ በባሕር ዳር አጠገብ በምትገኘው በሰባታሚት፥ በአንድ ቤት ውስጥ ያየሁት ነገር ነው። የቤቱ ልጅ ተማሪ ነበር፤ በሚያዝያ ወር ከጓደኞቹ ጋር ጢስ ዓባይን ለማየት ሄዶ ከተመለሰ በኋላ፥ ስለ ጉዞው ማራኪ አድርጎ እንዲጽፍ ታዘዘ። ማታ በመብራት ሥር ተቀምጦ የጻፈውን ለቤተሰቡ አነበበ። ውኃው እንደ ነጐድጓድ ሲያስገመግም፥ ጢሱ ሰማዩን ሲሸፍን፥ ምድሪቱም ስትንቀጠቀጥ የሚያሳይ ጽሑፍ ነበር። ሁላችንም አደነቅን። አያቱ ግን እንዝርታቸውን አቁመው፥

«ልጄ፥ በዚህ በሚያዝያ ፀሐይ ዓባይ ይህን ያህል ሞልቶ ነበር?» ብለው ጠየቁት።

ልጁ ፊቱ ቀላ። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ «እምዬ፥ እውነቱን ከጠየቅሽኝ ውኃው በአንድ ወገን ብቻ እንደ ነጠላ ጥለት ቀጥኖ ይወርድ ነበር። እንዲህ ብዬ ብጽፍ ግን ማን ያነብልኛል?» አላት።

«ታዲያ የቀረው ውኃ ወዴት ሄደ?»

ልጁ መልስ አልነበረውም፤ ስፍራው ላይ ቆሞ ሳለ ይህን ማንንም አልጠየቀም ነበርና። ያን ቀን ዓይኑ ፏፏቴውን ቢያይም ልቡ የሚፈልገው ቀድሞ በአንድ ብር ኖት ጀርባ ታትሞ ያየውን ሥዕል ነበር። ሥዕሉን ባጣው ጊዜ አዘነ፤ ቤቱ ተመልሶም ከሥዕሉ ቀድቶ ጻፈ። ተረታችን «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይላል። ዓባይን በዓይኑ አይቶ የሥዕሉን ዓባይ የሚያመሰግን ግን ጭራሽ ካላየው ይልቅ ያሳዝናል።

የአያቱ ጥያቄ መልስ ያለው ነው። ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፥ ቁመቱ ከ40 ሜትር የሚበልጥ፥ ክረምት ሲሞላም ስፋቱ 400 ሜትር ያህል የሚደርስ ፏፏቴ ነው። በዚያው ስፍራ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1964 አንድ የኤሌክትሪክ ኀይል ማመንጫ፥ በ2001 ደግሞ ከእርሱ የሚበልጥ ሁለተኛ ተሠራ። በ1996 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል የውኃውን መጠን የሚቈጣጠር ግድብ ተሠርቷል፤ ከ2010 ጀምሮም የሐይቁ ውኃ ከምድር በታች በተቈፈረ መተላለፊያ ወደ በለስ እየተወሰደ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ስለዚህ በበጋ ወደ ገደሉ የሚደርሰው ውኃ ከቀድሞው እጅግ አንሷል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ልጁ ጽሑፉን ሲያነብ ከራሱ በላይ ተንጠልጥሎ ያበራለት የነበረው መብራት፥ የእነዚህ ውኃዎች ኀይል ከሚገባበት መስመር የመጣ ነው። ፏፏቴው የቀጠነበት ምክንያት ደብተሩን እያበራለት ሳለ፥ እርሱ ፏፏቴው አልቀጠነም ብሎ ጻፈ።

ከዚህ የምንማረው የተጋነነ ወሬ ከሁሉ አስቀድሞ የሚበድለው ባለቤቱን መሆኑን ነው። «ውኃው አንሷል» ብሎ ለማመን የደፈረ ሰው «ለምን አነሰ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከጠየቀም ያውቃል። «ሞልቶ ነበር» ብሎ የጻፈ ግን የሚጠይቀው ነገር የለውም። ጥያቄውን ራሱ በእጁ ገድሎታል።

ወሬው የሚበድለው ሌላም ሰው አለ። በዚሁ በዓባይ ዙሪያ የሆነ አንድ የታወቀ ታሪክ ይህን ያስረዳናል። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው በ1770 ጢስ ዓባይን ተመለከተ፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር 4 ቀን ደግሞ የዓባይ ምንጭ ከሆነው ከግሽ ደረሰ። ከእርሱ አስቀድሞ የእስፓኙ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 በዚያው ምንጭ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ብሩስ ግን ይህን አልቀበልም አለ። የፖርቱጋሉ ቄስ ጀሮኒሞ ሎቦ ከፏፏቴው በስተጀርባ በዓለት ላይ ተቀመጥሁ ብሎ የጻፈውንም ሐሰት ነው ብሎ ነቀፈ። በ1790 ስለ ጉዞው አምስት ጥራዝ መጽሐፍ ሲያሳትም፥ አብሮት የተጓዘውን የቦሎኛ ሠዓሊ የሉዊጂ ባሉጋኒን ስም ከግሽ ጉዞ ታሪክ አስቀረው፤ የሠዓሊውንም ሥራ እንደ ራሱ አድርጎ አቀረበ። ባሉጋኒ በ1771 በጎንደር ሞቶ ስለ ነበረ «እኔም ነበርሁ» ብሎ ሊናገር አልቻለም። ሌላውን ሐሰተኛ ሲል የነበረው ብሩስም በተራው ስለ ኢትዮጵያ በተናገረው ብዙ እውነት አልታመነም፤ ስለ ጥሬ ሥጋ አበላል ያወራውን ሰምተው በለንደን የሣቁበት ብዙዎች ነበሩ።

ብሩስ ደፋርና ትጉህ ተጓዥ ነበር፤ መጽሐፉም እስከ ዛሬ ይጠቅማል። ነገር ግን በወሬው መካከል ብቻውን ሊቆም ስለ ወደደ፥ አብሮት የደከመውን ሰው ከጎኑ አስወገደ። በሰባታሚቱ ልጅ ደብተር ውስጥም እንዲሁ የተረሱ ሰዎች ነበሩ። ወንዙን ያሻገረው ጀልባ ነጂ አልተጻፈም። በፀሐይ ቆማ ነጠላና ቅል ለጎብኚ የምትሸጠው ሴት አልተጻፈችም። ውኃው ሲያንስ ጎብኚ ያነሰ እንደ ሆነ፥ የእርሷ ገበያ ምን እንደሚሆን አልተጠየቀም። ነጐድጓዱ ገጹን ሁሉ ስለ ሞላው ለሰው የሚሆን ስፍራ አልተረፈም።

ምናልባት አንዱ ተነሥቶ፥ «ጨው የሌለው ወጥ ማን ይበላል? ሰው በተሠራ ተአምርም ይደሰት የለምን?» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ይደሰታል። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ በ1955 የተከፈተው ዲዝኒላንድ የተባለው የጨዋታ ስፍራ ለዚህ ምስክር ነው። በዚያ በዱር መካከል የሚያልፍ የሚመስል ወንዝ አለ፤ ጉማሬዎቹ በመኪና የሚንቀሳቀሱ ናቸው፥ ጀልባውም ከውኃው በታች በተዘረጋ ሐዲድ ይመራል። ፏፏቴም ተሠርቷል፤ ሎቦ ተቀመጥሁበት ብሎ በተነቀፈበት ስፍራ፥ ማለት ከውኃው በስተጀርባ፥ እዚያ ጎብኚው ሁሉ በጀልባ ያልፋል። ይህ ሁሉ ግን ውሸት አይባልም። የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ የገባ ሰው ጨዋታ መሆኑን ዐውቆ ገብቷልና፤ የሚያሞኘው የለም። ከዚያ ተመልሶ «እውነተኛ ጉማሬ ሊውጠኝ ነበር» ብሎ ቢጽፍ ግን ያን ጊዜ ዋሸ፤ የሚያነበው ሰው በዚያ በር አልገባምና።

ስለ ጨውም ቢሆን፥ ጨው የወጡን ጣዕም ያወጣዋል እንጂ ወጥ አይሆንም። የጽሑፍ ጨው ያየነውን ለይቶ መናገር ነው፤ መንገዱን፥ ድካሙን፥ የጓደኛን ቀልድ፥ የተሰማንን ፍርሃት፥ ያዘንንበትንም ጭምር። «እጅግ ውብ ነበር» የሚለውን ቃል ያልሄደም ሰው ሊጽፈው ይችላል። እርሱ ከውኃ በታች እንደ ተዘረጋው ሐዲድ ነው፤ ብዕሩን ሁሉ ወደ አንድ ስፍራ ይወስደዋል።

ልጁ በማግሥቱ ጽሑፉን እንደ ገና ጻፈው። «ጢስ ዓባይን አየሁ፤ ጢሱ ግን አልነበረም» ብሎ ጀመረ። ማዘኑን ጻፈ፤ ጀልባ ነጂውንም ጻፈ፤ ውኃው ወዴት እንደ ሄደም ጠይቆ የተረዳውን ጻፈ። ጽሑፉ ከመጀመሪያው አጭር ነበር። አያቱ ግን በዚህኛው ጊዜ እንዝርታቸውን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ ሲጨርስም፥ «ያችን የጀልባዋን ድገምልኝ» አሉት።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አንተም ነገ ከአንድ ስፍራ ተመልሰህ ብዕር በያዝህ ጊዜ፥ ከመጀመሪያው ቃል በፊት ሁለት ነገር ራስህን ጠይቅ። ይህን እኔ አይቼዋለሁን? ከእኔ ጋር የነበረው ሰው ቢያነበው፥ «አዎን፥ እኔም ነበርሁ» ሊል ይችላልን? ለሁለቱም አዎን ብለህ መመለስ ከቻልህ ሳትፈራ ጻፍ፤ ውኃው ቢያንስም ወሬህ አይጎድልም።